ሃያ አምስት ዜሮ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ላንቻ ታክሲ ስጠብቅ አርባ ደቂቃ። ከዚያ ስታዲየም ወርዶ ሌላ ታክሲ፣ ከዚያ ካዛንቺስ። ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ለሥራ የሚሆን ትንፋሽ አልቀረኝም።

ሦስት ጥናት ጨረስኩ። አንድ የእንቁራሪት፣ ሁለት የንብ። የእንቁራሪቱ ሰውዬ የኬሚካሉን መጠን ጽፎ በሊትር ይሁን በኪሎ ሳይል አልፎታል። ዶክትሬት ይዞ መለኪያ የሚረሳ ምን ዓይነት ሰው ነው? "አያስተማምንም" ብዬ፣ ምክንያቱን ጽፌ ጣልኩት። ደስ አለኝ። የሰው ስህተት መያዝ ይጣፍጣል፤ ምን ይደረግ።

እራት ላይ እናቴ፦ "ለመሆኑ እዚያ ምንድነው የምትሠሩት?" ሁለት ዓመት ሙሉ ነግሬያታለሁ። የትኛው ኬሚካል የትኛውን የዱር እንስሳ በምን ያህል መጠን እንደሚጎዳ ከየጥናቱ እየለቀምን ዳታቤዝ ውስጥ እናስገባለን አልኳት። "የሞቱትን ነዋ የምትመዘግቡት።" ያልሞቱትንም አልኳት። "ያልሞተ ምን ምዝገባ ያስፈልገዋል?" ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት ናት። በምዝገባ ጉዳይ ከእሷ ጋር ክርክር አልገጥምም።

ጥቅምት 7፣ አርብ

ዶክተር ተከስተ ዛሬ ሳይታሰብ መጡ። አለቃችን ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው የሚገቡት። ደረጃውን ወጥተው ሲያበቁ ወንበር ይዘው ትንሽ ቆዩ።

"የሽንኩርቱ መድኃኒት ኮሚቴ ሊቀርብ ነው" አሉ። ገበሬው ሽንኩርት ላይ የሚረጨው የተባይ መርዝ... ገበያ ላይ ይቆይ አይቆይ የሚወስን ኮሚቴ አለ። ኅዳር 17 ይሰበሰባል። መርዙ ወፎች ላይ ምን እንደሚያደርስ ያላችሁን ሁሉ አምጡ ብሎናል።

"ከውጭ አገር አሥራ አንድ ጥናት አለን። ከአገር ውስጥ ግን አንድ ብቻ ነው። ያንቺ።"

የኔ። የማስተርስ ጥናቴ። በ2009 ከጥር እስከ መጋቢት፣ ዘጠና ቀን፣ ከሽንኩርት ማሳ አጠገብ ባለ ጨፌ ውስጥ የሞተ ወፍ ስቆጥር ከረምኩ። አማካሪዬ እሳቸው ነበሩ፤ በኋላም በሁለታችን ስም መጽሔት ላይ ታተመ። መደምደሚያው "ገበሬው በሚረጨው መጠን በውሃ ወፎች ላይ ጎላ ያለ ጉዳት አልታየም" ይላል። እዚህ ሥራ ላይ ኃላፊ ሆኜ የተቀጠርኩትም በሱ ነው።

ደንባችን የራስን ጥናት ማንበብ ይከለክላል። ሁለት ሰው ለየብቻ ያነባል፣ ለየብቻ ይሞላል፣ ከዚያ አንድ ስክሪን ፊት ቁጭ ብለው ያልተስማሙበትን ያስታርቃሉ። የኔን ሉሊና ፋኑኤል ያነቡታል። ሉሊ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፋኑኤል ዳታቤዙን የሠራልን የኮምፒውተር ባለሙያ። ሌላ ሰው የለንም።

ኮርቻለሁ። ለራሴ ምን ልዋሽ። ስመለስ ለእናቴ ብርቱካን ገዛሁላት።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ሉሊ ጠረጴዛ ላይ ጥናቴን አየሁት። ሽፋኑ ላይ ትልቅ አድርጎ ዳናይት... የአባቴ ስም... ዓመቱ።

ሦስቴ ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ። መስኮቱ ጋ ሄጄ አዲሱን መንገድ አየሁ፣ ተመለስኩ፣ ደግሜ ሄድኩ። ፋኑኤል "እግርሽን አመመሽ እንዴ?" አለኝ። የፈተና ወረቀት እንደሚመለስለት ልጅ ሆንኩ። ምን አስፈራኝ? ዘጠና ውጤት ያገኘሁበት ሥራ ነው። አንድ የንብ ጥናት ይዤ አንዱ ገጽ ላይ ስንት ሰዓት ተቀመጥኩ። ንቦቹ ራሳቸው ሳይሰለቹኝ አልቀሩም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ሉሊ ወንበሯን በመንኮራኩሩ እየገፋች አጠገቤ መጣች።

"ዳኒ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሙድ እንዳትይዢብኝ።"

"ጠይቂ።"

"ዘጠና ቀን ቆጥረሻል አይደል? ስልሳ አምስቱ ቀን ላይ ሁሌም የሞተ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስትም አለ። ሃያ አምስቱ ቀን ላይ ግን ዜሮ። ማለቴ... ሞት እረፍት ይወጣል እንዴ?"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

"አሥራ ሁለቱ እሑድ ነው። እሺ እሱ ይሁን። የቀሩትስ? ጃንዋሪ 20፣ ፌብሩዋሪ 6፣ ማርች 8፣ ማርች 21... በቃ ምንም መልክ የለውም። ኮምፒውተር ላይ ሁሉ ሣልኩት፤ ዝብርቅርቅ ነው።"

"እነዚያን ቀናት አልሞተም ይሆናላ" አልኩ።

"ይሆናል?"

"ሉሊዬ፣ ስምንት ዓመት ሆነው እኮ።"

ትንሽ አየችኝና "እሺ በቃ፣ አንቺ ነሽ የነበርሽው" ብላ ሄደች። ዜሮ ብላ ሞላችው።

መልክ አለው እኮ። በፈረንጅ ቀን ስላየችው ነው የጠፋባት። ጃንዋሪ 20 ማለት ጥር 12 ነው። ማርች 21፣ መጋቢት 12። ፌብሩዋሪ 6፣ ጥር 29። መቁጠር አላስፈለገኝም፤ ገና ከአፏ ሲወጣ ነው የገባኝ። ታዲያ ለምን እንደዚያ አልኳት?

ጥቅምት 14፣ አርብ

ምንም አልሠራሁም። ተቀምጬ ዋልኩ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ልጻፈው። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው።

ጋሽ ታዲዎስ የጨፌው ዘበኛ ነበሩ፤ የኔም መንገድ መሪ። ረግረጉ የት እንደሚውጥ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ያለ እሳቸው መግባት አይቻልም። እሳቸው ደግሞ በበዓል አይወጡም። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ29 በዓለ ወልድ። እሑድም። ጥምቀትም። "ዛሬ እረፍት ነው ልጄ" ይሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እኔ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ቁጭ። መጽሐፍ አነባለሁ፣ ጸጉሬን እታጠባለሁ።

ቁጥሩ የሚሞላው በታብሌት ነበር። ቅጹ ባዶ አይቀበልም። "የሞተ ወፍ ብዛት" የሚለው ሳጥን ካልተሞላ ቀይ ጽሑፍ ያወጣል፤ የዛሬው ካልተዘጋ የነገውን አይከፍትም። ዜሮ አልኩት። መጀመሪያ ቀን "በኋላ አስተካክለዋለሁ" ብዬ። ሁለተኛው ቀን ምንም ሳልል። ከዚያ በኋላ ጣቴ ለመደው።

ከዚያስ? አዲስ አበባ ተመለስኩ፣ ቁጥሩን ወደ ፈረንጅ ቀን ቀየርኩ፣ አማካይ አወጣሁ፣ ጻፍኩ፣ ተመረቅኩ። ረስቼው ነበር ማለት እፈልጋለሁ። ግን ያን ቀን ሉሊ ጥያቄዋን ሳትጨርስ ልቤ መምታት ጀምሮ ነበር። የረሳ ሰው ልቡ አይመታም።

ዜሮ ማለት "አየሁ፤ የሞተ የለም" ነው። እኔ አላየሁም። ሃያ አምስት ቀን ሳላይ አይቻለሁ ብያለሁ። መድኃኒቱ ደህና ነው ለሚለው ሰው ሃያ አምስት ምስክር ሰጥቼዋለሁ ማለት ነው።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ከራሴ ጋር ስደራደር ሰነበትኩ። ስልሳ አምስቱ ቀን እውነተኛ ነው አይደል? ሃያ አምስቱን አውጥቼ ባሰላውስ? ቢሮ ቀድሜ ገባሁና አሰላሁት። አማካዩ ከፍ አለ፤ ግን አያስደነግጥም። ተመስገን ልል ነበር።

ከዚያ ነው ያየሁት። ትልልቆቹ ቁጥሮች ሁሉ የዜሮ ማግስት ናቸው። ጥር 13፣ አራት። ጥር 20፣ አራት። የካቲት 22፣ አምስት። ሰኞ ሰኞ ሁሌም ከፍ ይላል። ሌላው ቀን አንድና ሁለት።

ያኔም አይቼው ነበር እኮ። ጥናቱ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለችው። "ልዩነቱ ከአየር ጠባይ መለዋወጥ ጋር ሊያያዝ ይችላል" ብያለሁ። ይችላል። ሌላ ሰው ቢጽፈው ቀይ አሰምርበት ነበር።

በበዓል ቀን እዚያ ምን ነበር የሚሆነው?

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ቤት ውስጥ እናቴ እንዳትሰማኝ ወጣሁ። ሜክሲኮ፣ ሰው ከሚተራመስበት ራቅ ብዬ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ደወልኩ። ስምንት ዓመት የቆየ ቁጥር ነው፤ አይነሳም ብዬ ነበር። ተነሳ።

"ማነው? ዳናይት? የወፏ ልጅ?"

ጤናቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ከብቱን ጠየቅኩ። አሁንም ዘበኛ ናቸው። ከዚያ፦ "ጋሽ ታዲዎስ፣ ያኔ በበዓል ቀን ጨፌው ምን ይመስል ነበር?"

"ምን ይመስላል፤ ጭር ያለ ነው። የሚረጩት ብቻ ናቸው የሚኖሩት።"

"የሚረጩት?"

"ሽንኩርቱን ነዋ። በሥራ ቀን መች ጊዜ አላቸው ብለሽ? ያርሳሉ፣ ይኮተኩታሉ። በበዓል ደግሞ በሬ አይጠመድም፣ መሬት አይቆፈርም። መርጨት እንደ ሥራ አይታይም፤ መሬቱን አትነኪውማ። ማሳው ላይ የሚኮተኩት ሰው የለ፣ ልጅ የለ፤ ማንም አይመረዝም። ከድሮም እንደዚያ ነው።"

"ወፎቹስ?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

"ወፎቹማ የዚያኑ ቀን ነው የሚረግፉት። ቤቴ ጉብታው ላይ አይደል፣ ይታየኛል። ሲመሽ ጅቡና ውሻው ይለቅመዋል። ጠዋት እኔና አንቺ የምናገኘው ከሱ የተረፈውን ነው።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ ልጄ። አንቺም በዓል የምታከብሪ መስሎኝ።"

አመሰገንኩና ዘጋሁ። ታክሲ አልያዝኩም፤ እስከ ላንቻ በእግሬ። መንገድ ላይ የገጨኝን ሰው ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ዜሮ ያልኩት የሚሞቱበትን ቀን ነው። ሌላውን ቀን ሁሉ ቆጥሬ የሚሞቱበትን ቀን ብቻ ነው የዘለልኩት።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ዶክተር ተከስተ ጉንፋን ይዟቸው ቢሮ አልመጡም። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየማቸው ሄድኩ። ሶፋው ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ነበር። ሻይ ካልጠጣሽ አሉኝ፤ ጠጣሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሽ ታዲዎስ ያሉትንም።

መነጽራቸውን አውልቀው ያዙት።

"ማን ያውቃል?"

"እኔ። አሁን እርስዎ።"

"ዘበኛውስ?"

"እሳቸው ወፍ እንደሞተ ነው የሚያውቁት። ምን እንደጻፍን አያውቁም።"

ከዚያ ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ በሚናገሩበት ድምፅ፦ "እንዲህ እናድርግ። ግርጌ ማስታወሻ ይግባበት። በአንዳንድ የበዓል ቀናት ምልከታው የተሟላ አልነበረም ይበል። ኮሚቴው ይለፍና በሰፊው እናርመዋለን።"

"ከኮሚቴው በኋላ?"

"ዳናይት፣ ጡረታ ልወጣ ሰባት ወር ነው የቀረኝ።"

መቆጣት አቃተኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። የመመረቂያ ጊዜዬ ደርሶ የማተሚያ ገንዘብ ሳጣ ከኪሳቸው የሰጡኝ ናቸው። ደግሞ እውነቱን እዚህ እንኳን ልጻፈው... እፎይ ነው ያልኩት። አለቃዬ ወስነዋል፣ እኔ ምን አገባኝ ብዬ። ደረጃውን ስወርድ እፎይታዬ አስጠላኝ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ቁም ሣጥኑን በሙሉ አውጥቼ አጠፍኩ። የታጠፈውን ደግሜ አጠፍኩ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ግርጌ ማስታወሻውን ጻፍኩት። ስድስት ጊዜ። እየጻፍኩት ይለሰልሳል። "አንዳንድ" የምትል ቃል እንዲህ ጠቃሚ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ፋኑኤልን ጠራሁት፤ "ይሄ ለኮሚቴው በሚሄደው ላይ የት ይታያል?"

"አይታይም። ለእነሱ የሚወጣው ሰንጠረዡ ብቻ ነው። ማስታወሻው ዳታቤዙ ውስጥ ይቀመጣል፤ የፈለገ ገብቶ ያየዋል።"

"ማን ነው ገብቶ የሚያየው?"

"ማንም" ብሎ ሳቀ።

ሰንጠረዡን አሳየኝ። አሥራ ሁለት መስመር። የአገር ውስጥ ስለሆነ የኔ አንደኛ ላይ ተቀምጧል። "ጉዳት፦ የለም። አስተማማኝነት፦ ከፍተኛ።" አስተማማኝነቱን የሞላችው ሉሊ ናት። እኔን አምና።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

የታክሲ ረዳቱን ሰደብኩት። ምንም አላደረገኝም፤ መልስ አዘገየ ብዬ ነው። ማታ ደግሞ እናቴን በጨው። ወጡ ጨው የለውም ብዬ ሳህኑን ገፋሁባት። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። በጨው።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል፦ "ጓለይ፣ ምን ሆነሻል?" ስትጨነቅ ትግርኛዋ ይመጣል። ልጄ ማለቷ ነው።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ እየለቀምኩ ሁሉንም ነገርኳት። በማርያም ቀን ሥራ ስላልሠራሽ ምን ኃጢአት አለብሽ ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለችም።

"መዝገብ ቤት የሠራተኛ ፊርማ የምይዘው እኔ ነበርኩ" አለች። "አለቃችን አንድ ቀን ‹ለወንድሜ ልጅ ፈርሚለት› አለኝ። አልመጣም እኮ ጌታዬ አልኩት። ቢመጣስ ምን ይሠራ ነበር ብሎ ሳቀ።"

"ከዚያስ?"

"ፈረምኩለታ። አንቺን እርጉዝ ነበርኩ፤ እንጀራዬን ፈራሁ። ስድስት ወር ሙሉ ፈረምኩለት።" ጠጠር አውጥታ ጣለች። "ልጁን በዓይኔ እንኳን አላየሁትም። ስሙን ግን እስከ ዛሬ ከነአያቱ አውቀዋለሁ።"

አልፈረደችብኝም፣ አልመከረችኝም። ምስሩን አጠበችና ጣደችው። እሷ የዚያን ልጅ ስም እንደያዘች፣ እኔም ሃያ አምስቱን ቀን አንድ በአንድ ይዤ እንደማረጅ ታወቀኝ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ነገርኳቸው። ለሉሊና ለፋኑኤል፣ ጠዋት፣ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ። ካስቀመጥኩት እንደማልናገር አውቃለሁ።

"ሃያ አምስቱ ዜሮ ውሸት ነው። በዓል ቀን ነበር፤ አልወጣሁም። ዜሮ ብዬ ሞላሁት።" ከዚያ የጋሽ ታዲዎስን ነገርኳቸው። ፋኑኤል የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቀረ።

ሉሊ ቀላች።

"ጠይቄሽ ነበር እኮ።"

"አዎ።"

"ይሆናላ አልሽኝ። እዚሁ ቁጭ ብለሽ።" ቡናዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ዳኒ፣ እኔ እኮ ሌላ ሰው ቢሆን አልለቀውም ነበር። አንቺ ስለሆንሽ ነው የተውኩት። በቃ አሞኘሽኝ።"

ይቅርታ አልኳት። ቡናዋን እንኳን ሳትጠጣ ኮምፒውተሯን ከፍታ ቀኖቹን ወደ ኢትዮጵያ መለሰቻቸውና አንድ በአንድ አየቻቸው። 12፣ 19፣ 21፣ 23፣ 29። ከዚያ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። "ይኸው መልኩ" አለች።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ዶክተር ተከስተ ድነው መጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ በሁሉም ፊት ነገርኳቸው፦ "ዶክተር፣ ለሉሊና ለፋኑኤል ነግሬያቸዋለሁ። ሰንጠረዡ ላይ እንዲወጣ አልፈልግም። ለመጽሔቱም ጥናቱ ይነሳ ብዬ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የእርስዎም ፊርማ ያስፈልገዋል።"

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ደብዳቤውን አነበቡት፤ ሁለት ጊዜ።

"በዘጠናው ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ መጣሁ?" አሉኝ።

"ሁለቴ።"

"ምን ቀን?"

"ሁለቱም ማክሰኞ።"

"ተራ ማክሰኞ" አሉ ለራሳቸው። "አማካሪ የሆነ ሰው በእሑድ ምን አደረግሽ ብሎ አይጠይቅም?" እስክሪብቶ ከፋኑኤል ተውሰው ፈረሙ። ሲነሱ ትከሻዬን ይነካሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልነኩኝም። ምሳ ሳይበሉ ሄዱ።

ሉሊ መስመሩን አወጣችው። ደንቡ የማውጫ ምክንያት ይጻፍ ይላል። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ እንዳሉ "ምን ልበል?" አለችኝ። "ያልታየው እንደታየ ተሞልቷል በይ" አልኳት። ጻፈችው።

ኅዳር 12፣ አርብ

የኅዳር ሚካኤል። ሰፈሩ በየበሩ ቆሻሻ ሲያቃጥል አደረ፤ ላንቻ በጭስ ታፍኗል። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን እያሳለች ተመለሰች።

ጋሽ ታዲዎስ ጋ ደወልኩ። ባለፈው ያልነገርኳቸውን አሁን ልንገራቸው ብዬ... የጻፍኩት ስህተት እንደነበር፣ እንዳነሳነው፣ ኮሚቴው ሊሰበሰብ እንደሆነ። "እኔን ነው የምትከሺኝ?" አሉ። እንዴት ያንን ያስባሉ? እኔን ነው የከሰስኩት አልኳቸው። ከኋላቸው ሽው ሽው የሚል የመርጫ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ወይስ መሰለኝ?

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ኮሚቴው። ረጅም ጠረጴዛ፣ አሥራ ሦስት ሰው፣ ታሽጎ የቀረበ ውሃ። ሰንጠረዡን ያቀረበችው ሉሊ ናት። አሥራ አንድ መስመር። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እጄን የማስቀምጥበት ጠፋኝ።

ሰብሳቢዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። "የአገር ውስጡ ጥናት የት ሄደ? ባለፈው ወር አለ ብላችሁን አልነበር?"

ሉሊ ዞራ አየችኝ። ተነሳሁ። ነገርኳቸው። አንዱ ሰውዬ ከጎኑ ላለው አንድ ነገር ሹክ አለና ሁለቱም ፈገግ አሉ። ሰብሳቢዋ ግን ፈገግ አላሉም።

"ስለዚህ ስለ አገራችን ወፍ የምናውቀው የለም ማለት ነው?"

"የለም። የሚሞቱበት ቀን መቼ እንደሆነ ብቻ ነው ያወቅነው።"

ውሳኔው ለግንቦት ተላለፈ። እስከዚያ መድኃኒቱ እንደነበረው ይሸጣል። "ታዲያ እስከ ግንቦት ማን ይቆጥርልናል?" ብለው በጠረጴዛው ዙሪያ አዩ። ዶክተር ተከስተ የመስክ ሥራ በጀት የለንም አሉ። ሌላ የተናገረ የለም።

ይሄን ሁሉ አድርጌ መርዙ ይሸጣል። ምን ጠብቄ ነበር?

ኅዳር 19፣ አርብ

ኃላፊነቱ ለሉሊ ተሰጠ። እኔ ተራ አንባቢ ነኝ። ኮንትራቴ በታኅሣሥ መጨረሻ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ እንጃ። ዶክተር ተከስተ ይሄን ሲነግሩኝ በር በሩን እያዩ ነበር።

ሉሊ እስካሁን ዳኒ አላለችኝም፤ ዳናይት ነው የምትለኝ። ከሰዓት ግን አንድ ነገር አደረገች። ፋኑኤልን አስቀምጣ ቅጹን አስቀየረችው። ከቁጥሩ ሳጥን ጎን "አልታየም" የሚል ሌላ ሳጥን ገባ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስገባነውን ዜሮ ሁሉ እንደገና እንፈትሽ አለች። ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ዜሮ አለ። ግማሹን ለኔ ሰጠችኝ። "ከአንቺ የተሻለ የሚያውቀው የለም" አለችኝ። ሳትስቅ።

ዛሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስለኛል።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ጽዮን ማርያም። እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ጋደም ብላለች። እኔ ልብስ እያሰጣሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ታዲዎስ።

"ዳናይት፣ እስክሪብቶ ያዢ።"

እጄ እርጥብ ነው። ገብቼ እስክሪብቶ ፈለግኩ፣ የመብራት ደረሰኝ ጀርባ አገኘሁ።

"ዳክዬ አሥራ ዘጠኝ። ሽመላ ሦስት። ርግብ ዘጠኝ። ከምሥራቅ በኩል ጀምሬ እስከ ድልድዩ ነው።"

"ዛሬ ወጡ እንዴ? እሑድ ነው እኮ። ማርያምም ናት።"

"ቄሱን ጠየቅኳቸው። በበዓል ቀን የሞተ ብቆጥር ያስነውራል ወይ ብዬ። የሞተ ማንሳት በየትኛው በዓል ተከልክሎ ያውቃል አሉኝ።" ትንፋሻቸው ያጥራል፤ ገና ከጨፌው መውጣታቸው ነው። "ከቅዳሴ መልስ ረጩ። እኔ በዘጠኝ ሰዓት ገባሁ።"

ደመርኩት። ሠላሳ አንድ። እኔ በዘጠናው ቀን ውስጥ በአንድ ቀን ያገኘሁት ትልቁ ቁጥር አምስት ነው።

ማልቀሴን እንዳይሰሙ ስልኩን ራቅ አደረግኩ። "ሠላሳ አንድ" አልኳቸው፣ "ልክ ነኝ?"

"ልክ ነሽ። ከውሃው መሀል ደግሞ ነጭ ነጭ የሚታይ አለ፤ ብዙ ነው። እሱን እንዳትጽፊው።"

"ለምን?"

"አልደረስኩበትማ።"